ብሮውዘራችሁ የማንን እንጀራ ይበላል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ አዲስ ቴክኖ ወይም አይቴል ስልክ ስትገዙ ክሮምና ፊኒክስ የሚባሉ ብሮውዘሮች (ድረ ገጽ መክፈቻዎች) አብዛኛውን ጊዜ ተጭነው ይጠብቋችኋል። ሻጩ ልጅ ደግሞ «ይሄ ዳታ ይቆጥባል» ብሎ ኦፔራ ሚኒን በዜንደር ይልክላችኋል። ክሮምን ጎግል፣ ፊኒክስን የስልኩ አምራች፣ ኦፔራ ሚኒን ሻጩ መረጠላችሁ፤ እናንተን የጠየቀ የለም። በእነዚህ በኩል ግን የባንክ የይለፍ ቃላችሁ፣ የሐኪም ቤት ጥያቄያችሁ፣ ለማንም የማትነግሩት ፍለጋችሁ ሁሉ ያልፋል።

ፍርዱን ላስቀድም። አንድሮይድ ስልክ ላለው ሰው አንደኛ ምርጫ ፋየርፎክስ ነው፣ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ ከተጫነበት። ሴቲንግ መነካካት ለማይወድ ሰው ብሬቭ ይሻላል። ኦፔራ ሚኒ ዜና ከማንበብ ያለፈ ሥራ አይሰጠው። ፊኒክስና ዩሲ የሚባለው ብሮውዘር ይውጡ። ክሮም ደግሞ ሌላው እምቢ ሲል ብቻ ይከፈት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሮውዘር በነጻ ይሰጣል እንጂ በነጻ አይሠራም። ስለዚህ ከፍጥነቱ በፊት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ። ጎግል አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ዋጋ የሚያወጣው ደግሞ ስለ እናንተ ባወቀው ልክ ነው። ሞዚላ፣ የፋየርፎክስ ባለቤት፣ በአብዛኛው የሚኖረው ጎግል የፋየርፎክስ ዲፎልት (ቀድሞ የተመረጠ) መፈለጊያ ለመሆን በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ተቃዋሚውን ባላንጣው ይቀልበዋል ማለት ነው፤ የማይመች ነገር ነው፣ ግን የእናንተን መረጃ ከመሸጥ ይለያል። ብሬቭ የሌሎችን ማስታወቂያ አግዶ የራሱን ይሸጣል፣ በክሪፕቶ ገንዘብም ይነግዳል። ሁለተኛው መለኪያ ጥፋቱ ሲጋለጥ ኩባንያው ምን አደረገ የሚለው ነው። እጁ ንጹሕ የሆነ ኩባንያ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አያገኝም።

ክሮም በሥራው አይታማም። የደህንነት ጥገናው ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ የአንዱን ሳይት ኮድ ከሌላው ለይቶ በማጠር በኩልም በስልክ ላይ ፋየርፎክስን ይቀድማል። የሚታማው በባለቤቱ ነው። ጎግል በ2020 መጀመሪያ ላይ ከሳይት ሳይት የሚከታተሉ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን (ብሮውዘራችሁ ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ መለያዎችን) በሁለት ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ አለ፤ ቀጠሮውን ደጋግሞ አራዘመ፤ በሐምሌ 2024 ሐሳቡን ተወው። የአፕል ሳፋሪ በ2020፣ ፋየርፎክስ ደግሞ የእያንዳንዱን ሳይት ኩኪ በየዕቃው በመለየት በ2022 ጨርሰውት ነበር። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ጥቁሩ መስኮትም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እሱን ስትዘጉ ታሪኩ የሚጠፋው ከስልኩ ላይ ነው፤ ሳይቱም፣ ኔትወርክ አቅራቢውም፣ ጎግልም ያዩትን አይተዋል። በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ የተከሰሰው ጎግል በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለመሰረዝ ተስማምቷል። አሁን መስኮቱ ሲከፈት የሚነበበው ማስጠንቀቂያ ጎግልንም በስም የሚጠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህም የሚከፋው የማስታወቂያ ማገጃው ነገር ነው። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጂን ከ2024 ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ተደርጎ በ2025 አበቃለት፤ የቀረው አቅሙ የቀነሰው ላይት የሚባለው ነው። ምክንያቱ ማኒፌስት 3 የሚባለው የኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ቅጥያ) ሕግ ነው፤ ማገጃው እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ አይቶ እንዲወስን የሚፈቅደውን በር ዘጋበት። ጎግል ለደህንነትና ለፍጥነት ነው ይላል። ከማስታወቂያ የሚኖር ኩባንያ ማስታወቂያ ማገጃን ሲያዳክም ግን ምክንያቱን እንዳለ መዋጥ ይከብዳል። በስልክ ላይ ያለው ተራው ክሮም ደግሞ ድሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ክሮም የግድ ከሆነባችሁ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ብሎክ አድርጉ፤ አድ ፕራይቬሲ የሚል ካገኛችሁ በውስጡ ያሉትን ማብሪያዎች ሁሉ አጥፉ፤ ታሪካችሁን ከጎግል አካውንታችሁ ጋር የሚያመሳስለውን ሲንክንም ዝጉ።

ወደ ፋየርፎክስ። ከፕሌይ ስቶር ካወረዳችሁ በኋላ ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ ኤክስቴንሽንስ ውስጥ ግቡና ዩብሎክ ኦሪጂንን ጨምሩ። ስሙን በደንብ አንብቡት፤ «ኦሪጂን» የሌለው ዩብሎክ ሌላ ነው። ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ኢንሃንስድ ትራኪንግ ፕሮቴክሽን፣ ከስታንዳርድ ወደ ስትሪክት። ከዚያ ኤችቲቲፒኤስ ኦንሊ ሞድን (የተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ የሚፈቅደውን) አብሩ፤ ዳታ ኮሌክሽን ውስጥ ያሉትን ማብሪያዎች በሙሉ አጥፉ፤ ሰርች ውስጥ መፈለጊያውን ከጎግል ወደ ዳክዳክጎ ቀይሩ። ዳክዳክጎ በአማርኛ ሲፈለግበት ከጎግል ይደክማል፤ «የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች» ብላችሁ ሞክሩትና ልዩነቱን እዩ። አማርኛ ፍለጋ ሥራችሁ ከሆነ ጎግልን በዲፎልትነቱ ትታችሁ አካውንታችሁን ግን በፋየርፎክስ አትክፈቱ። ግማሽ መንገድ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

የዩብሎክ ጥቅም በሚስጥር ጥበቃ አያበቃም። ማስታወቂያው ከመውረዱ በፊት ስለሚታገድ ሜጋባይቱ አይቆረጥም። አዘዞ ጫፍ ላይ ኔትወርኩ ሲደክም በማስታወቂያ የተጨናነቀ የዜና ሳይት በክሮምና በፋየርፎክስ ጎን ለጎን ክፈቱ፤ የዩብሎክን ምልክት ስትነኩ ስንት ጥያቄ እንዳገደ በቁጥር ያሳያችኋል። ኦፔራ ሚኒን «ዳታ ይቆጥባል» ብሎ የያዘ ሰው ይህን ሳያይ አይወስን።

የሚበላሸው ምን ላይ ነው? ስትሪክት ሲበራ አንዳንድ የምዝገባ ፎርሞች የማረጋገጫ ሥዕሉን አያመጡም፣ ወይም «ላክ» ብትሉት ዝም ይላሉ። ሙሉውን ሴቲንግ አትመልሱት፤ አድራሻው አጠገብ ያለችውን የጋሻ ምልክት ተጭናችሁ ለዚያ ሳይት ብቻ አጥፉት፣ ገጹንም እንደገና ጫኑት። ካልሆነ ዩብሎክንም እንዲሁ ለዚያ ሳይት ብቻ። ያም ካልሠራ ፎርሙ የተፈተነው በክሮም ብቻ ነው ማለት ነውና ለእሱ ብቻ ክሮምን ክፈቱ። ሁለት ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ደግሞ ፋየርፎክስ የተከፈቱ ታቦችን ይረሳል፤ ወደ ቴሌግራም ሄዳችሁ ስትመለሱ ገጹን ከመጀመሪያው ይጭነዋል፣ በግማሽ የተሞላ ፎርምም ሊጠፋ ይችላል። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ በኖት ጻፉና ገልብጡት።

ሞዚላም ጥፋት አለበት። በሐምሌ 2024 ፋየርፎክስ 128 ሲወጣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ውጤታቸውን የሚለኩበት ዘዴ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ በርቶ መጣ። በየካቲት 2025 ደግሞ «መረጃችሁን ሸጠን አናውቅም፣ አንሸጥምም» የሚለውን የቆየ ቃሉን ከድረ ገጹ አነሳ፤ አዲሱ የአጠቃቀም ውልም የምትጽፉትን ሁሉ የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጠው መስሎ ተነበበ። ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ ውሉን ደግሞ ጻፈው፤ «ሽያጭ» የሚለው ቃል በአንዳንድ አገር ሕግ ከተለመደው ትርጉም ይሰፋል ሲልም አስረዳ። ማስረዳቱ ግማሽ ያሳምናል፤ የተነሳው ቃል ግን አልተመለሰም። አንደኛ ያደረግነው የማስታወቂያ ማገጃውን በስልክ ላይም በሙሉ አቅሙ ስለሚፈቅድ፣ ዲፎልቱንም ለመዝጋት ማብሪያው በእጃችሁ ስለሆነ ነው። አመኔታውን በየዕትሙ ማየት ይፈልጋል፤ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ዳታ ኮሌክሽንን ደግማችሁ ክፈቱት።

ብሬቭ እንደወረደ ሁሉ ነገር የበራለት ነው። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ዳግላስ ሊዝ በ2020 ስድስት ብሮውዘሮች ሴቲንጋቸው ሳይነካ ወደ ባለቤቶቻቸው ምን እንደሚልኩ ሲለኩ ብሬቭ ብቻውን በመጀመሪያው ጎራ ተመደበ። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ መካከል ላይ፤ የማይክሮሶፍቱ ኤጅና የሩሲያው ያንዴክስ መጨረሻ ላይ፣ የመሣሪያውን ቋሚ መለያ ስለሚልኩ። እናታችሁ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ጭናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስለዚህ ብሬቭን ጫኑላቸው።

መዝገቡ ግን ነጠብጣብ አለው። በ2020 ተጠቃሚው የአንድ ክሪፕቶ መገበያያን አድራሻ ሲጽፍ ብሬቭ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ጨምሮ ይሞላ ነበር። በ2021 ማንነትን ይደብቃል የተባለው የቶር መስኮቱ የሚጎበኘውን አድራሻ ወደ ተራው ዲኤንኤስ (የሳይት ስም መጠየቂያ) ሲያፈስ ተያዘ። በ2023 ዊንዶውስ ላይ የቪፒኤን አገልግሎቱን ላልገዛው ሰው ሁሉ ጭኖ ተገኘ። ሦስቱንም ከተጋለጠ በኋላ አስተካክሏል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉት ግን ስህተት ሳይሆን ጠባይ ይመስላሉ፣ «መጀመሪያ እናድርገው፣ ካዩን እንመልሰዋለን» የሚል ጠባይ። ስለ መሥራቹ ብሬንዳን አይክ ከሞዚላ አወጣጥ ብዙ ይወራል፤ በ2014 በግል የፖለቲካ ልገሳው ሰበብ ነው የለቀቀው፣ ብሮውዘሩ መረጃችሁን እንዴት እንደሚይዝ ግን አይነግረንም። ከጫናችሁት በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ ፒ3ኤ የሚለውን የአጠቃቀም መለኪያና በየቀኑ ወደ ኩባንያው የሚልከውን ፒንግ አጥፉ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስፖንሰርድ ሥዕሎችን ዝጉ፣ ሪዋርድስና ዋሌትን አትንኩ። ክሪፕቶ አገኝበታለሁ ብሎ ለሚያወርደው ሰው አይመከርም።

ኦፔራ ሚኒ በአገራችን ስሙ የገነነው ኔትወርኩ በደከመበት ዘመን ነው፣ ውለታውም ውለታ ነው። አሠራሩን ማወቅ ግን ይገባል። ኤክስትሪም የሚባለው ቁጠባ ሲበራ ገጹን የሚከፍተው ስልካችሁ አይደለም፤ የኦፔራ ሰርቨር ከፍቶ፣ ጨምቆ፣ ውጤቱን ይልክላችኋል። መቆለፊያ ያለው ኤችቲቲፒኤስ ገጽም ቢሆን ሰርቨሩ ላይ ይፈታል። ደብዳቤያችሁን ጸሐፊ አንብቦላችሁ መልሱንም እሱ እንደሚጽፍላችሁ ነው፤ ጸሐፊው ጨዋ ቢሆን እንኳ ሁሉን አይቷል። የኦፔራ ምልክቷን ተጭናችሁ ዳታ ሴቪንግስ ውስጥ ከኤክስትሪም ወደ ሃይ ስትቀይሩት ገጹ ስልካችሁ ላይ ይከፈታል፤ ቁጠባው ይቀንሳል። ኢሜይል፣ ባንክ፣ የዩኒቨርሲቲ ፖርታል፣ ማንኛውም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ነገር በኤክስትሪም አይከፈት።

ባለቤቱስ? የኖርዌዩ ኦፔራ የብሮውዘር ሥራውን በ2016 ለቻይና ባለሀብቶች ቡድን ሸጠ፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ኩንሉን ነው። በጥር 2020 ሂንደንበርግ የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን መርማሪ ባወጣው ሪፖርት ኦፔራ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሕንድ በስልክ መተግበሪያ እጅግ ከፍተኛ ወለድ ያለው የአጭር ጊዜ ብድር ይሰጣል፣ ያልከፈለውን ሰው የስልክ ማውጫ ተጠቅሞም ዘመድ ወዳጁ ዘንድ ይደውላል ሲል ከሰሰው። ሂንደንበርግ አክሲዮኑ ሲወድቅ ያተርፍ የነበረ ድርጅት መሆኑን አስታውሱ። ኦፔራ አስተባበለ፤ በኋላም ከብድሩ ሥራ ወጣ። ለእኛ ግን ክሱ ከሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በስልክ መበደር እዚህም ገብቷል፣ እንዲህ ያለ መተግበሪያ የስልክ ማውጫ ሲጠይቅ «አይ» ማለትን መልመድ ነው።

ዩሲ ብሮውዘር ላይ ብዙ አልቆይም። የአሊባባ ንብረት ነው፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2015 የስልኩንና የሲም ካርዱን መለያ፣ የተጠቃሚውንም ፍለጋ ለአድማጭ በሚመች መልኩ እንደሚልክ አሳይቷል። ይራገፍ። ፊኒክስ ደግሞ ከስልኩ ጋር ስለሚመጣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ አይራገፍም። ሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ ገብታችሁ አንኢንስቶል ካጣችሁ ዲሴብል በሉት፤ እሱም ከሌለ ኖቲፊኬሽኑንና ፈቃዶቹን ሁሉ ዝጉ። ከዚያ ዲፎልት አፕስ ውስጥ ብሮውዘር የሚለውን ወደ ፋየርፎክስ ወይም ብሬቭ ቀይሩ። ይህን ያልቀየረ ሰው አዲስ ብሮውዘር ጭኖም ሊንክ በነካ ቁጥር የድሮው ይከፈትበታል። የዳክዳክጎ የራሱ ብሮውዘርም መጥፎ አይደለም። በ2022 የማይክሮሶፍትን መከታተያዎች ለይቶ ሲያሳልፍ ተይዞ ውሉን አስቀይሮ አግዷቸዋል። የሚጎድለው ኤክስቴንሽን ነው።

ብሮውዘር ስትመርጡ የሚረሳው ሌላው ነገር ብዙ ሊንክ በብሮውዘር አለመከፈቱ ነው። ቴሌግራም ውስጥ የነካችሁት ሊንክ በቴሌግራም በራሱ መስኮት ይከፈታል፤ ዩብሎክ እዚያ የለም። ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ ቻት ሴቲንግስ ውስጥ ኢን አፕ ብሮውዘርን አጥፉ። ፌስቡክ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሚዲያ የሚለው ሥር ሊንክ ወደ ውጭ እንዲከፈት የሚያደርግ ማብሪያ አለ። ፌስቡክ ስልኩ ላይ መኖሩ ራሱ ምን እንደሚያደርግ በሰኔ 2025 ታይቷል፦ ተመራማሪዎች እንዳጋለጡት የፌስቡክ ባለቤት የሜታ መተግበሪያዎች አንድሮይድ ላይ ከጀርባ ሆነው የውስጥ በር ከፍተው ያዳምጡ ነበር፤ የሜታ መከታተያ ያለበት ሳይት በብሮውዘር ሲከፈት በዚያ በር ማንነታችሁን ያስተላልፋል። ኢንኮግኒቶም ኩኪ ማጥፋትም አላዳነም። ብሬቭ እንዲህ ያለውን የውስጥ ጥያቄ ቀድሞ ስለሚያግድ ዳነ። ሜታ ነገሩ በወጣበት ቀን አቆመው። ፌስቡክን በመተግበሪያ ሳይሆን በብሮውዘር መክፈት ለዚህ ነው የሚሻለው።

ኔትወርክ አቅራቢው ምን ያያል? በኤችቲቲፒኤስ የትኛውን ሳይት እንደከፈታችሁ ያያል እንጂ የትኛውን ገጽ እንዳነበባችሁ አያይም። የሳይት ስም ጥያቄውን ለመሸፈን አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ላይ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ አለ፤ የኳድ9ን አድራሻ (ዲኤንኤስ ነጥብ ኳድ9 ነጥብ ኔት፣ በላቲን ፊደል፣ 9ኙ በአሃዝ) አስገቡ። ኳድ9 ስዊዘርላንድ የተቀመጠ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ችግሩ አንዳንድ የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ላይ ይህ በር ዝግ መሆኑ ነው፤ ዋይፋዩ ተገናኝቶ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ ሰርቨር ሊገኝ አልቻለም» የሚል ይመጣል፣ ምንም አይከፈትም። ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሆቴሉን የሚወቅሰው በዚህ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ስትወጡ አብሩት። የሳይቱን ስም ከአቅራቢው ጭምር መደበቅ የሚፈልግ ሰው ቶር ብሮውዘር ያስፈልገዋል፤ ቀርፋፋ ነው፣ በ2012 አገራችን ውስጥ ታግዶም ያውቃል፤ ቢታገድ ኮኔክሽን ሴቲንግ ውስጥ ብሪጅ መርጦ መሞከር ነው። በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ጥበቃ ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የቱንም ብትመርጡ ያልታደሰ ብሮውዘር ከሁሉ የከፋ ነው። ፕሌይ ስቶር አብዛኛውን ጊዜ በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ የተደረገ ነውና ዋይፋይ የማያገኝ ስልክ ለወራት ያረጀ ብሮውዘር ይዞ ይዞራል። ክሮም ከ2025 አጋማሽ ወዲህ አንድሮይድ 10 ይጠይቃል፤ ፋየርፎክስ በአንድሮይድ 8ም ይሠራል። በዜንደር የመጣን ብሮውዘር ለመፈተሽ ፕሌይ ስቶር ላይ ስሙን ፈልጋችሁ አፕዴት በሉት፤ የመተግበሪያው ዲጂታል ፊርማ የተነካካ ከሆነ አፕዴቱ አይገባም። ያኔ አራግፉትና ከስቶሩ አውርዱ።

የመጨረሻው የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ያሉ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ተማሪው ጂሜይሉን ይከፍታል፣ ፋይሉን ያትማል፣ ይሄዳል። ክሮም «ይለፍ ቃሉ ይቀመጥ?» ሲል በችኮላ «ሴቭ» ከተባለ ቀጣዩ ሰው ፓስወርድ ማናጀር ውስጥ ገብቶ የዓይኗን ምልክት ሲነካ ሊያነበው ይችላል። ከነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ ዛሬም ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ በእሱ ላይ ክሮም በ2023 በ109ኛው ዕትም ቆሟል። ቁጭ ስትሉ ክሮም ላይ የፕሮፋይሏን ክብ ነክታችሁ ጌስት በሉት፤ ፋየርፎክስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የላቲኑን P ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ፤ ስትጨርሱ መስኮቱን ዝጉ። የረሳችሁት ካለ ከስልካችሁ ጎግል አካውንት፣ ሴኪዩሪቲ፣ ዩር ዲቫይስስ ገብታችሁ ያንን ኮምፒውተር ሳይን አውት አድርጉት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ። ስልኩን ሲሸጥላችሁ ጂሜይሉን የከፈተላችሁ ሻጭ ከነበረም የይለፍ ቃሉን ያውቀዋልና እሱንም፣ የመመለሻ ስልክ ቁጥሩንም፣ የመመለሻ ኢሜይሉንም አብራችሁ ቀይሩ።